ዛፍ የሌለው ገዳም

ጎንደር ላይ ላደገ ልጅ ድርቡሽ ማለት ማስፈራሪያ ነው። ጅብ አያስፈራንም፤ ጅብ በየማታው አጥሩን እየታከከ የሚያልፍ ጎረቤት ነው። ጭራቅንም ያየው ሰው የለም። ድርቡሽን ግን የአያቴ እናት በዓይኗ አይታዋለች። ጥር 1880 ዓ.ም. የሱዳን ማህዲስቶች አዝማች የሐምዳን አቡ አንጃ ጦር ከተማዋ ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያነድ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ንብ ተነሥቶ አዳናት ይባላል። አያቴ ይህን የምትነግረን ትናንት ከገበያ ስትመለስ የገጠማት አድርጋ ነበር። ማታ አልተኛም ያለ ልጅ «ድርቡሽ መጣልህ» ከተባለ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ትንፋሹን ይውጣል።

ከዚያ ብርድ ልብስ ሥር የወጣሁ ሰው ካርቱም ላይ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት፣ በገዛ ገንዘቤ መኪና ተሳፍሬ ድርቡሽ ለማየት ኦምዱርማን ሄድኩ። አያቴ በሕይወት ኖራ ብትሰማ የሚወርድብኝን እርግማን እዚህ ባልጽፈው ይሻላል።

የምኖረው ዴም ነበር። ዴምን ለማያውቅ፣ ከካርቱም መሀል ከተማ በስተደቡብ፣ ገንዘብ ያለው ከሚኖርበት ከአማራት ጎን የተለጠፈ፣ ስደተኛ የሞላበት ሰፈር ነበር። ሐበሻ ዴም ከገባ ዐረብኛ ሳይማር ሊያረጅ ይችል ነበር። ቡናው ይቆላል፤ እንጀራው ማሽላ ቢቀየጥበትም እንጀራ ነው፤ ከየምግብ ቤቱ የጥላሁንና የማህሙድ ዘፈን ይወጣል፤ ሱዳኖቹም አብረው ያንጎራጉሩታል። ሰው አገር መሆንህን የሚያስታውሱህ ሙቀቱና ከሻው ነበሩ። ከሻ ፖሊስ ድንገት መንገዱን ዘግቶ «ኢቃማ!»፣ የመኖሪያ ፈቃድ አምጡ፣ የሚልበት ሰዓት ነው። ያን ጊዜ ዴም በሩን ይቀረቅራል፤ ቡናው ምጣዱ ላይ እያረረ ይቀራል።

የዕረፍት ቀን ዓርብ ነው። ዓርብ ልብስ ይታጠባል፣ አገር ቤት ይደወላል፣ የቀረው ይተኛበታል። እኔ «ዛሬ ድርቡሾቹን ለማየት ኦምዱርማን፣ ሐመድ አልኒል ልሄድ ነው» ባልኩበት ዓርብ ግን ግቢው ሁሉ እንቅልፉን ትቶ መካሪ ሆነ። የሁመራዋ ጎረቤታችን «ማተብህን ወደ ውስጥ አድርጋት» አለች። ከጎኗ የተቀመጠው ልጅ «ማተቡን ተዪው፣ ስልኩን ይደብቅ» አለ። ሦስተኛው፣ ከዴም ወጥቶ የማያውቀው፣ «ሲሽከረከሩ መሀል ከገባህ መውጫ የለህም፤ ሰልመህ ነው የምትመጣው» ብሎ ደመደመ።

ጋሼ ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩ። ጋሼ በደርግ ዘመን በመተማ በኩል በእግራቸው ወጥተው፣ ገዳሪፍ ከርመው፣ ዴም ላይ የሸበቱ ሰው ናቸው። የግቢው ሽምግልናም፣ የዐረብኛ ደብዳቤ ንባብም፣ የእድር ሒሳብም እሳቸው ዘንድ ነው።

«ጋሼ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«ራስህን በጨርቅ ሸፍን። የቀረውን እግዜር ይሸፍነዋል» አሉና ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ። ለካ አብረውኝ ሊሄዱ ነው።

የምንሄደው በረሃ ነው፤ እኛ ደገኞች ደግሞ ስለ ቅዱስ በረሃ ብዙ ሰምተናል። አባ እንጦንስ በረሃ ወረደ፣ አባ መቃርስ አስቄጥስ ገባ፣ ግብጻዊቷ ማርያም ዮርዳኖስን ተሻገረች። ስንክሳር በተነበበ ቁጥር አንድ ሰው ብድግ ብሎ ዓለምን ይንቅና በረሃ ይገባል። የምንሰማው ግን በጽድና በወይራ በተከበበ ቅጥር ውስጥ፣ ጋቢ ደርበን፣ በጠዋት ብርድ እየተንቀጠቀጥን ነው። ሠዓሊዎቻችንም የሣሉት ያንኑ ያዩትን ነው። የመነኩሴው በረሃ ዛፍ አለው፣ ወፍ አለው፣ አራዊት አለው። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በ60 አንበሳና በ60 ነብር ተከብበው ቆመው፣ ውሃ የጠማት ወፍ ከዓይናቸው እንባ ትጠጣለች። ጻድቁ የኖሩበት ዝቋላ ደግሞ አናቱ ላይ ሐይቅ አለው። ወፏ ሐይቁን እንዴት ሳታየው ቀረች ብዬ በልጅነቴ ጠይቄ ኩርኩም ቀምሻለሁ። ዋልድባ እንኳ፣ መነኮሳቱ እህል ትተው ቋርፍ የሚበሉበት ያ ቆላ፣ ጫካ አለው፤ ተከዜም ከአጠገቡ ይወርዳል። በደገኛ ልብ ውስጥ ያለው የጻድቃን በረሃ ትንሽ ሞቅ ያለ ደን ነው ብል አላጋነንኩም።

ዴም ውስጥ ግን በረሃ ሲባል አባ እንጦንስን የሚያስብ አልነበረም። በረሃ ሊቢያ ነው። ከየቡና ቤቱ ጥግ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ደላላ በረሃውን በአፉ በጥቂት ቀን ያሻግራል። መንገዱን ጀምሮ የተመለሰ ልጅ ግን ስለ ቀኑ ሲጠየቅ ወሬ ይቀይራል። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ ወንድሞቻችን ማተባችንን አንበጥስም ብለው ከታረዱ ወዲህ፣ ዴም ውስጥ በረሃና ማተብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ከተነሡ እናቶች ያማትቡ ነበር። የሁመራዋ ጎረቤታችን ምክር የመጣው ከዚያ ነው፤ ማንም አልሳቀባትም።

አምጃድ የምትባለው ትንሽ መኪና ውስጥ ተጠቅጥቀን የነጭ ዓባይን ድልድይ ያዝን። በስተቀኝ ሞግራን ነው፤ ሁለቱ ዓባዮች የሚገናኙበት። ክረምት ነበርና ከእኛ በኩል የመጣው ጠይም ሆኖ ነጩን ወደ ዳር ገፍቶታል። ጋሼ በመስኮቱ ጣታቸውን ቀስረው «ያ የጎጃም አፈር ነው፤ ኢቃማ ሳይጠየቅ የገባ» አሉ። ሾፌሩ ምን እንዳሉ ጠየቀ፤ በዐረብኛ ሲነግሩት መሪውን እየደበደበ ሳቀና፣ «ያ ዞል፣ አፈሩን በነጻ ታመጣላችሁ፣ ቲማቲሙን እኛ እንሸጥላችኋለን» አለ። እውነቱን ነው፤ ዴም ውስጥ የምንቆርጠው ሰላጣ በዚያው አፈር የበቀለ ነው።

ኦምዱርማን ስንገባ ጋሼ ኮፍያቸውን አወለቁ። ከመጡ ጀምሮ እንዲህ ያደርጋሉ። ዐፄ ዮሐንስ መጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ሲወድቁ ራሳቸው ተቆርጦ ለማህዲስቶቹ መሪ ለኸሊፋው የመጣው ወደዚህች ከተማ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ደግሞ፣ በ1898 እ.ኤ.አ.፣ እንግሊዝ ከኦምዱርማን በስተሰሜን ካረሪ ላይ የኸሊፋውን ሠራዊት በመትረየስ አጭዶ በአንድ ጠዋት ከ10 ሺህ ሰው በላይ ፈጀ። ጋሼ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ተርከው ኮፍያቸውን መለሱ። ከዚያም፣ «ይልቅ አንድ ነገር ልንገርህ። ዛሬ የምታያቸው እነዚያ አይደሉም። ማህዲው ራሱ የሱፊ ጠሪቃዎቹን አግዷቸው ነበር። እነዚህ የቃዲሪያ ልጆች ናቸው። አያትህን ያስፈሯት እነዚህንም ያስፈሯቸው ነበር» አሉኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የተሸከምኩት ፍርሃት አድራሻው ሌላ ሆኖ ተገኘ።

ሐመድ አልኒል ከሩቅ ሲታይ ጉልላት ነው፤ ሲቀርቡት መቃብር ነው፤ ሲደርሱበት አቧራ ነው። የ19ኛው መቶ ዓመት የቃዲሪያ ሼህ የተቀበሩበት ቦታ ሲሆን፣ ዙሪያውን ሜዳው ሁሉ መቃብር ነው። የእኛ መካነ መቃብር ጥላ አለው፤ ሐውልት አለው፤ ፎቶግራፍ አለው፤ «ይህ ሐውልት የቆመው በልጆቻቸው ነው» የሚል ጽሑፍ አለው። እዚያ ያለው ከፍ ያለ አፈር፣ ጠጠር፣ ራስጌው ላይ የተተከለ ነገር ነው። ዛፍ ስፈልግ ዓይኔ እስከ አድማሱ ሄዶ ባዶውን ተመለሰ። ካርቱም ከባሕር ጠለል በላይ 380 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በሙሉ ማጅራቴ ላይ አርፏል።

ማተቤን እንደተመከርኩት ወደ ውስጥ አድርጌያለሁ። ሙቀቱ ግን የሸሚዜን የላይኛውን ቁልፍ አስፈታኝ፤ ቀጥሎ ሁለተኛውን። ከመቃብሩ ቤት ግድግዳ ሥር ክንድ የማትሞላ ጥላ አለች፤ ጀላቢያ የለበሱ አዛውንት ተደርድረው ይዘዋታል። አንደኛው አንገቴን አዩ። መስቀሉን አዩ። እኔም ማየታቸውን አየሁ። «ሐበሺ?» አሉ። አዎ አልኩ። ከጎናቸው ያለውን ሰው በክርናቸው ገፋ አድርገው፣ የጀላቢያቸውን ጫፍ ሰብስበው፣ ጥላዋን ከፍለው «ኢትፈደል» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ግማሽ ፊቴ ፀሐይ ላይ ነው፤ የእሳቸውም ግማሽ ፀሐይ ላይ ወጥቷል።

ፀሐዩ ሲበርድ ከበሮ ከሩቅ ተሰማ። አረንጓዴ ሰንደቅ የያዙ ሰዎች እየዘመሩ መጡ፤ የዝክሩ ክብ ተሠራ። ነጭ ጀላቢያ ያደረጉት ትከሻ ለትከሻ ተሰልፈው ከወገባቸው ወደፊትና ወደኋላ ይወዛወዛሉ፤ «ላ ኢላሃ ኢለላህ»፤ መጀመሪያ ዝግ ብለው። ድርቡሾቹ መሀል ናቸው። ልብሳቸው ቀይና አረንጓዴ ቁርጥራጭ የተጣጣፈበት ነው፤ ፀጉራቸው የተገመደ፤ አንገታቸው ላይ የመቁጠሪያ ክምር። አንዱ በአንድ እግሩ ቆሞ ይሾራል፤ ሌላው ክቡን እየሮጠ ይዞራል፤ ሦስተኛው በዱላው አየሩን እየጠቀሰ ለማንም ያልሆነ ንግግር ያደርጋል። ጋሼ ይህን ሦስተኛውን በተለይ ወደዱት። «ይኼ ባሕታዊ እኛ አገር ቢሆን ገበያ መሀል ቆሞ ንስሐ ግቡ ይለን ነበር» አሉ።

ከዚያ ምቱ ፈጠነ። አዲስ ነገር የጠበቀው ጆሮዬ የሚያውቀውን ነገር ሰማ። በማኅሌት ሊቃውንቱ በዝማሜ መቋሚያቸውን እያዘነበሉ ይጀምራሉ፤ መረግድ ላይ ከበሮው ይነሣል፤ ጽፋት ሲደርስ ጭብጨባው ከከበሮው ይሽቀዳደማል፤ ጋቢው ይወርዳል፣ ሽማግሌው ወጣት ይሆናል። እዚህም ያው ነው። ጸናጽል የለም፤ ዱላው አለ። እጣኑም አለ፤ አንድ ሰው ማጤሻ ይዞ ሕዝቡ መሀል እየዞረ በየፊታችን ያጨሰዋል። ሴቶቹ በስተዳር ቶባቸውን አስተካክለው እልል ሲሉ፣ ዓይኔን ብጨፍን ጥምቀት ላይ ነኝ። ዓይኔን ስገልጥ ግን የምረግጠው ሣር የለም፤ በሺህ እግር የተነሣው አቧራ ጉልበት አልፎ፣ ወገብ አልፎ፣ የዘማሪውን አፍ ሞልቶታል። እሱም ይውጠውና ይቀጥላል።

በዚህ መሀል ካሜራ ያነገተ ከዋጃ፣ ፈረንጅ ማለት ነው፣ ፊቴ ላይ አነጣጠረ። ራሴ ላይ ጨርቅ፣ ከጫማዬ እስከ ቅንድቤ አቧራ፤ ምን እንደመሰልኩት ግልጽ ነው። ደጋግሞ አነሣኝ። ጋሼ በተሰባበረ እንግሊዝኛ «ይህ ድርቡሽ ከጎንደር ነው» አሉት፤ ሰውየው በአክብሮት አንገቱን ደፍቶ ወደ ማስታወሻው ጻፈው። አውሮፓ ውስጥ አንድ ቤት ግድግዳ ላይ የቃዲሪያ ሱፊ ሆኜ ተሰቅዬ ይሆናል።

ስለ ክቡ ብዙ ተጽፏል፤ ዓይኔ የቀረው ግን ዳር ላይ ያሉት ማሰሮዎች ጋ ነው። ሱዳኖቹ ዚር ይሉታል። የብረት መቀመጫ ላይ የተደረደሩ፣ ታችኛው ጫፋቸው የሾለ ትልልቅ የሸክላ ማሰሮዎች፣ ከላያቸው ክዳን፣ ከክዳኑ ላይ ሁሉም የሚጠጣበት አንድ ኩባያ። ሸክላው አልተቀባም፤ ውሃው በቀዳዳዎቹ እያላበ ይወጣል፣ ደረቁ ነፋስ ላቡን ይወስደዋል፣ ሲወስደው ሙቀቱንም አብሮ ይወስዳል፤ ውስጡ ያለው እየቀዘቀዘ ይሄዳል። አየሩ በደረቀ መጠን ውሃው ይበርዳል። ያ ማጅራቴን ያቃጠለው በረሃ ራሱ ማቀዝቀዣ ሆኖ ያገለግላል ማለት ነው። ከሥሩ በሚንጠባጠበው ውሃ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት በቅሏል፤ አንዲት ድመት ተጋድማ ጠብታውን በምላሷ ትቀበላለች። በዚያ ሜዳ ያየሁት ለምለም ነገር ያ ብቻ ነው።

ጥላውን ያካፈሉኝ አዛውንት ቀድተው ሰጡኝ። ጋሼ እንደነገሩኝ፣ እንዲህ ያለውን ማሰሮ ሰዎች የሚያቆሙት ለሞተ ዘመድ ነፍስ ሰደቃ እንዲሆን ነው። እኛ ለሙታን ተዝካር እንደግሳለን፤ ጠላው ይጠመቃል፣ ፍሪዳው ይወድቃል፣ የድግሱ ዕዳ ልጆቹን ይከተላል። እነሱ ማሰሮ አቁመው በየቀኑ ይሞሉታል፤ የጠማው ሁሉ፣ ማተብ ያለውም፣ ድመቷም ይጠጣል። እኔ የተዝካር ጠላ እወዳለሁ፤ ግን በዚያ ሙቀት ዳኛ ብደረግ ለማሰሮው እፈርዳለሁ።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ዝክሩ ድንገት ቆመ፤ የመግሪብ ሶላት ነው። ያ ሁሉ ሲሾር የነበረ ሰው በአንድ አፍታ ተሰልፎ ጸጥ አለ። እኛ ወደ መኪናችን ሄድን። ዴም ስንደርስ የግቢው ሰው በር ላይ ነው። ሦስተኛው መካሪ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና «ሰለመ እንዴ?» ብሎ ጋሼን ጠየቃቸው። «አቧራ ብቻ ነው፤ ይታጠባል» አሉት። የሁመራዋ ጎረቤታችን አንገቴን አይታ መስቀሉ ውጭ መሆኑን ስታውቅ ቡናውን አቆመችና መውቀጫውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። «ጥላ ሰጡኝ» አልኳት። አላመነችኝም፤ ጋሼ ሲደግሙላት አመነች።

ሌላ ጊዜ በበዓል ዕረፍት ወደ መርዌ ፒራሚዶች ሄድን፤ ከካርቱም በአትባራ መንገድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚያ በረሃው ይብሳል፤ አቧራው እንኳ አሸዋ ሆኗል። ፒራሚዶቹ ሹሎች ናቸው፤ ብዙዎቹ አናት የላቸውም። ፈርሊኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም በ1834 እ.ኤ.አ. ወርቅ ፍለጋ አናታቸውን አፍርሷቸዋል። ጋሼ ከአንዱ ሥር ተቀምጠው ዳቧቸውን እየገመጡ፣ «የሕንደኬ አገር እዚህ ነው» አሉኝ። ያ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በጋዛ ምድረ በዳ ሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስ ያገኘው ጃንደረባ የእሷ ሹም ነው። የመርዌ ንግሥቶች መጠሪያ ሕንደኬ ስለነበር ሊቃውንቱም ወደዚህ ያደላሉ። ሰንበት ትምህርት ቤት እኔ ጃንደረባውን ያሳደርኩት አክሱም ነበር። አክሱምማ ወደዚህ የመጣችው በሌላ ጉዳይ ነው። ዔዛና በጽሑፉ እንዳስቀረጸው ኖባን ወግቶ፣ የቤተ ጣዖቱን ምስል ሰባብሮ፣ እህሉንና ጥጡን ወንዝ ውስጥ ጥሎ፣ ተከዜ ከትልቁ ወንዝ በሚገናኝበት ዙፋን አቁሟል። ከ1,600 ዓመት በላይ አልፎ እኛ በአውቶቡስ፣ ዳቦና ሙዝ ይዘን መጣን። ግመል አከራዩ ሐበሻ መሆናችንን ሲያውቅ ዋጋ ቀነሰልን፤ የዔዛናን ጽሑፍ እንዳላነበበ ገባኝ።

የሱዳኑ ጦርነት ካርቱም ላይ የፈነዳው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ለእኛ ቀዳም ሥዑር ነበር፣ በማግስቱ ፋሲካ፤ ለእነሱ የረመዳን የመጨረሻዎቹ ቀናት። እኛም እነሱም ጾመኞች ነበርን፤ መድፉ ሲጀምር ማንም አልፈሰከም፣ ማንም አላፈጠረም። ከዴም የወጣው ሐበሻ በገዳሪፍ አድርጎ ወደ መተማ ሄደ፤ ጋሼ በወጣትነታቸው በእግር የመጡበትን መንገድ በሽምግልናቸው በጭነት መኪና ተመለሱበት። ጎንደር ላይ አግኝቻቸው ነበር። ስለ ቤታቸው ሳልጠይቃቸው «ማሰሮዎቹን ማን እየሞላቸው ይሆን?» አሉኝ።

እግር ጥሏችሁ፣ ሰላምም ወርዶ፣ ኦምዱርማን የምትደርሱ ከሆነ ነጭ ጋቢ ለብሳችሁ አትሂዱ፤ በምን ቀለም እንደምትመለሱ ነግሬያችኋለሁ። ማተባችሁን አትደብቁ። ኩባያውን ስትጠጡ ጥቂት አስቀርታችሁ ለድመቷ አፍስሱ። ዓርብ ከአሥር ሰዓት በፊት ድረሱ፤ ጥላዋ ቶሎ ትያዛለች። በረመዳን ግን አትልፉ፤ ያን ወር ዝክሩ የለም።